የጀልዴሳው መኪና ቆጣሪ

ደብተሩ ላይ ያልሰፈረ ነገር በዓለም የለም ብሎ የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በደርግ ጊዜ ጀልዴሳ የምትባል የገጠር ከተማ ሳስተምር ገጥሞኛል። መንገዳችን ብዙ መኪና ካለፈበት አስፋልት፣ ካነሰ ጠጠር ሊለብስ ተወሰነና፣ ጓድ ታደሰ የሚባል ቆጣሪ ግራር ሥር ደብተሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። በዚያ ዘመን መንገድ ዳር የሚጽፍ ሰው አይቶ የማይሸሽ ማን ነው? ኮንትሮባንድ የጫኑት መኪኖች በሙሉ ወደ ደረቁ ወንዝ ታጠፉ። ደብተሩ ላይ ግመል ብቻ ሰፈረ።

«አቦ ጓድ፣ ወንዙ ውስጥ ያ ሁሉ አቧራ ምንድነው?» አልኩት።

«ወንዝ ቁጠር አልተባልኩም!» አለኝ ኮስተር ብሎ።

ሥራውን የጨረሰ ዕለት እኔም ለጉዳይ ትልቁ ከተማ ወርጄ፣ ሳቢያን ሰፈር ላይ ከአንዱ ኮንትሮባንድ መኪና አናት አቧራ ለብሶ ሲወርድ አገኘሁት።

«በወንዙ መጣህ እንዴ?»

«ምን ላድርግ? በመንገዱ እኮ መኪና አያልፍም!»