በቅሎ የጠፋባቸው የቡሬ ሰዎች

አንባቢዬ፣ በቅሎ ሳይኖረው በቅሎ የጠፋበት ሰው አይተው ያውቃሉ? ጣሊያን ከገባ ወዲህ ቡሬ በእንዲህ ያሉ ሰዎች ተሞልታለች። እሑድ እሑድ በጣሊያኖቹ አዳራሽ መጀመሪያ የሹሙ ንግግር፣ ቀጥሎ ማሲንቆ አለ። ባለፈው እሑድ ንግግሩ ሲጀመር ጎረቤታችን አቶ ቢተው ንግግሩ ሳያልቅ ሰው ለማያስወጣው የበር ዘበኛ፣ «ጌታዬ፣ በቅሎዬ ጠፋችብኝ!» ብለው ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው መስክ ወጡ። ወዲያው የሃያ ሰው በቅሎ ጠፋ። በመጨረሻ አዝማሪው ራሱ፣ «የኔንስ አያችኋት?» እያለ ማሲንቆውን ይዞ መጣ። መስኩ ላይ የተጨፈረውን ምን ብዬ ልንገርዎ!

እኔ ግን የመጀመሪያ ዓመት የዜማ ተማሪ ነኝ፤ እዚያ መጨፈሬን የኔታ ከሰሙ ያባርሩኛል። ትናንት ጠሩኝ።

«ጭፈራው የፊታችን እሑድም አለ አሉ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

በቅሎ ኖሯቸው የማያውቁት የኔታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በል እንግዲህ፣ የኛዋን በቅሎ ዳማ ናት እንበል ወይስ ግራጫ?» አሉኝ።