አምስተኛው አንባቢ

«ሰው አስተያየት ሲጠየቅ ደስ ይለዋል» የሚልህ ሰው ካጋጠመህ፣ በደርግ ዘመን ሆሳዕና ከተማ አልኖረም ማለት ነው። ያን ጊዜ በር አንኳኩተህ «አስተያየትዎ ምንድን ነው?» ብትል፣ ሰውዬው መጀመሪያ የሚያየው ፊትህን አይደለም። ከኋላህ ማን እንደቆመ ነው። ይህን በወሬ የሰማሁት እንዳይመስልህ። እኔ ራሴ አስተያየት ሰብሳቢ ነበርኩ።

አስተያየቱ ደግሞ ስለ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ስለ ሕፃናት መጽሐፍ። እንዲያውም ስለ አንድ ፈረስ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ስሙን ተወው፤ የትምህርት ነክ ወረቀት ሁሉ በእኛ በኩል ያልፍ ነበር። አንድ ቀን ታደለች የምትባል የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት መጣች። የሌሞ ገጠር ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ስትናገር ድምጿን ዝቅ የምታደርግ። በብብቷ ስር ከካርቶን ቆርጣ በመርፌ የሰፋችውን መጽሐፍ ይዛለች። አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ሥዕሉንም ጽሑፉንም የሠራችው ራሷ ናት። «ልጆቹ በጣም ወደዱት። በስቴንስል ተባዝቶ ለሌሎቹም ቢደርስ ብዬ ነው» አለች።

መጽሐፉ እንዲህ ነው። አንድ የጋሪ ፈረስ መንገድ መሃል በጀርባው ተንጋሎ፣ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተኝቷል። ጋሪው ቆሟል። መጽሐፉ ልጆቹን ርዱኝ ይላቸዋል። ጆሮውን እፍ በሉት ይላል፤ ልጆቹ እፍ ይላሉ። ገጹን ሲገልጡ ፈረሱ አሁንም ተኝቷል። ሆዱን ኮርኩሩት ይላል፤ ይኮረኩራሉ። ወይ ፍንክች! የባለቤቱን በር አንኳኩ ይላል። በሩ በሙጫ የተለጠፈ ብጣሽ ወረቀት ነው፤ አንኳኩተው ሲከፍቱት ባለቤቱም ውስጥ ተኝቶ ያንኮራፋል። በመጨረሻ፣ ገጽ አሥራ አንድ ላይ፣ «በቃ መጽሐፉን ገልብጡት!» ይላል። ልጆቹ መጽሐፉን ገልብጠው ሲያዩት፣ የተንጋለለው ፈረስ በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለውም።

አለቃችን አገላብጠው አዩትና፣ «ከመባዛቱ በፊት የአንባቢያን አስተያየት ይሰብሰብ» ብለው መሩት። ቅጽ ተዘጋጀ። አምስት መስመር አለው፤ አምስት አንባቢ ማለት ነው። ቅጹና መጽሐፉ ለእኔ ተሰጡኝ። ጊዜው ሁለት ሳምንት።

መጀመሪያ የሄድኩት ገበያው ዳር ሱቅ ወዳላቸው ወደ ጋሽ ከድር ነው። ሰባት ልጆች አሏቸው፤ ከእሳቸው የተሻለ አንባቢ ከየት ይመጣል? መጽሐፉን ሳይነኩ በመጀመሪያ «ማን ላከህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በማግስቱ ስመለስ የወረቀቱ በር ተገንጥሎ በአዲስ ሙጫ ተለጥፏል። ልጆቹ ሲያንኳኩ ውለው ነው። ሳቃቸው ደንበኛ እንዳስቆመ፣ ትንሿ ልጅ ፈረሱን ካልሳምኩ አልተኛም እንዳለች ነገሩኝ። «እና ምን ብዬ ልጻፍ?» ስላቸው ግን ፊታቸው ተዘጋ። «መንግሥት ጥሩ ነው ካለ ጥሩ ነው በል። ካላለ ደግሞ እኔ አላየሁትም።»

«ልጆች ይስቃሉ» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለተኛው ኤርጃቦ ነው፤ ጋሪ ነጂ። ማንበብ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እያንዳንዷን ፊደል በጣቱ እየተከተለ ነው የሚያነበው። እኔ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ እሱ ተቆጣ። «ይህቺ መምህርት ፈረስ አታውቅም። ፈረስ በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ካነሳ ሆዱን ቆርጦታል ማለት ነው። እፍ ምን ያደርግለታል? በግድ አስነስተህ ማንሸራሸር ነው ያለብህ። ካልተነሳልህ አበቃ» አለኝ። ያለፈው ክረምት አንድ ፈረሱ በአዲሎ መንገድ ላይ እንደዚያው ተንጋሎ ቀርቶበታል። ከዚያ ገጽ አሥራ አንድ ደረሰና መጽሐፉን ገለበጠው። መለሰው። እንደገና ገለበጠው። «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» አለና መጽሐፉን አቀበለኝ።

«የፈረሱ ሥዕል ቢስተካከል» ብዬ ጻፍኩ።

ሦስተኛው አባባ ላምቤቦ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ዓመት አልፎታል። መጽሐፉን ከልጅ ልጃቸው ጋር ያነበቡት እኔ እያየሁ ነው። «በሩን አንኳኩ» የሚለው ገጽ ላይ ሲደርሱ ሕፃኑ ሊያንኳኳ እጁን ሰደደ፤ እሳቸው እጁን ያዝ አደረጉት። በጠቋሚ ጣታቸው ሦስት ጊዜ ቀስ ብለው መቱና ወረቀቷን ገለጥ አደረጓት። ተከፈተች። ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። «የማን ልጅ ናት ይህን የሠራችው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ይባርካት። በሰም ያልታሸገ በር ካየሁ ቆይቻለሁ።»

ይህን በየትኛው ብርታቴ ልጻፈው? ሽማግሌውንም እሷንም ማስበላት ነው። «የበሩ አሠራር ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

አራተኛዋ ወይዘሮ በቀለች ናቸው። ትልቁ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ በኋላ ለአራት ወር ደብዳቤ አልመጣም። ትንሿ ልጃቸው ታደለች ዘንድ ትማራለች። እናትየው መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አዩና፣ «መጨረሻ ላይ ይነሳል ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ይነሳል» አልኩ።

«ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ‹የተኛ ሁሉ ሲገለብጡት ይነሳል› አለችኝ። ለልጅ እንዲህ ማለት ደግ ነው ወይስ ክፉ? አንተ የተማርክ ነህ፤ ንገረኝ።»

እኔ ምን አውቃለሁ? የተማርኩት ታይፕ ነው። «መጨረሻው አጥጋቢ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

አየህ? አራት ሰው ልቡን ከፍቶ ነገረኝ። እኔ አራት መስመር ጻፍኩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ።

አምስተኛው ቀረ። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ቅጹ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መግባት አለበት። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭቃው ጉልበት ድረስ ነው። ደግሞም ቅጹን ሳየው ሁሉም አስተያየት ልስልስ ብሏል። ምንም ጉድለት ያላገኘ አስተያየት ሰብሳቢ እንዳልሠራ ይቆጠራል ብዬ ሰጋሁ። ከእኔ በላይ የሚያነብ ዓይን ደግሞ ሞልቷል፤ እነሱ አይተውት እኔ ሳላየው የቀረ ነገር ቢገኝስ? ታይፑ ላይ ተቀመጥኩና እንዲህ ብዬ መታሁ፦ «አምስተኛ፦ ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ አንባቢ። መጽሐፉ በጠቅላላው መልካም ነው። ሆኖም ገጽ አሥራ አንድ ላይ ‹ገልብጡት› የሚለው ቃል ሊጤን ይገባዋል።»

አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? የእኔ ግን ሲፈታ የተጋለጠው ሌላ ሰው ነው።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። የሰበሰቡን ጓድ ዘለቀ የሚባሉ ካድሬ ናቸው። አራቱን አስተያየቶች በችኮላ አነበቧቸው። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ጓዲት ታደለች፣ የሚገለበጠው ማን ነው?»

«መጽሐፉ ነው ጓድ።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«ፈረሱ።»

«ጋሪውን ወደ ፊት አልጎትትም ብሎ የተኛው ፈረስ ማን ነው?»

ታደለች ግራ ገብቷት ወደ እኛ ዞራ አየች። «ፈረስ ነው ጓድ» አለች።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳል ያዘው። እኔ ጫማዬን አየሁ። እጄን አውጥቼ «ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ምንም ማለቴ አልነበረም፤ ዝናብ ስለነበር ነው» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ ብል ውሸት ነው። ምላሴ ደህና ነበር፤ የጠፋው ውስጤ ያለው ሰው ነው።

ጓድ ዘለቀ በማግስቱ ራሳቸው ለልጆቹ አንብበው እንደሚፈትኑት ወሰኑ። ጠዋት ተከትለናቸው መዋዕለ ሕፃናቱ ሄድን። ካኪያቸውን እንደለበሱ ትንሽ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ አዋጅ እንደሚያነብ ሰው ነበር የሚያነቡት። ልጆቹ ግን መጽሐፉን በቃላቸው ያውቁታል፤ እፍ አሉ፣ ኮረኮሩ፣ አንኳኩ። ገጽ አሥራ አንድ ሲገለጥ ጓድ ዘለቀ ቃሉን ሳይናገሩት ቆም አሉ። አርባ ሕፃን ተነስቶ እየዘለለ በአንድ ድምፅ፣ «ገልብጡት! ገልብጡት! ገልብጡት!» ይል ጀመር። መስኮቱ ክፍት ነው። ውጪ መንገደኛ ቆመ። አንዲት ቆጮ የተሸከመች ሴት ሸክሟን እንደያዘች ፈዛ ቀረች። ታደለች ፊቷ አመድ መሰለ።

ጓድ ዘለቀ መጽሐፉን ገለበጡት። ፈረሱ ቆመ።

ሳቁ። በእውነት ነው የምልህ፣ ሰውየው ሳቁ። ከሆዳቸው የወጣ፣ ጥርሳቸውን እስከ ድዳቸው ያሳየ የልጅ ሳቅ ነበር። ከዚያ ድንገት አቋረጡትና ሲስቁ ማን እንዳያቸው ለማወቅ አንድ በአንድ አዩን። ሁላችንም ዓይናችንን ሰበርን።

ወዳጄ፣ የመታውን ሰው ይቅር የሚል አለ። የሰደበውን ይቅር የሚልም አለ። ሳያስበው ያሳቀውን ይቅር የማይል ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ነው። መጽሐፉ «ለጥናት» ተብሎ ቁምሳጥን ገባ፣ ተቆለፈበት። ታደለች ወደ ሺንሺቾ ተዛወረች። የዝውውር ደብዳቤዋን የተየብኩት እኔ ነኝ። አንድም የፊደል ስህተት የለበትም።

ስትሄድ ልሰናበታት አልወጣሁም። ኤርጃቦ በጋሪው ዕቃዋን እስከ መኪና ማቆሚያው አደረሰላት፤ አባባ ላምቤቦ በምርኩዛቸው ተከትለው ሸኟት ሲሉ ሰማሁ።

ስምንት ወር ያህል አለፈ። ጠመኔና ደብተር የጫነ መኪና ወደ ሺንሺቾ ሲላክ አስረካቢ ሆኜ እንድሄድ ታዘዝኩ። መንገዱን ሙሉ፣ ባትኖር ምን አለ እያልኩ ነበር። ነበረች። ግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ፀሐይ አጥቁሯታል፤ ድምፅዋ ግን እንደ ድሮው ዝቅ እንዳለ ነው። ስለ ሆሳዕና ጠየቀችኝ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀችኝ። ወይዘሮ በቀለች ከልጃቸው ደብዳቤ ደረሳቸው ወይ አለችኝ። «አልደረሳቸውም» አልኩ። ከዚያ፣

«አምስተኛው አንባቢ ማን ነበር?» አለች።

እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ። አራቱም ሰዎች ቤቴ ድረስ መጥተው ለአንተ የነገሩህን ነግረውኛል። ያንን አስተያየት ማንም አልሰጠም።» አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። «ለመሆኑ መጽሐፉን አንብበኸዋል?»

አሰብኩ። ሁለት ሳምንት ተሸክሜዋለሁ። ሰው ሲያነበው አይቻለሁ። ገጽ ቆጥሬያለሁ። ፈረሱን ግን አንድ ቀን እፍ አላልኩትም።

«አላነበብኩትም» አልኩ።

«ና እንግዲህ» ብላ ወደ ክፍሉ አስገባችኝ። ካርቶን የለም፣ ቀለምም የለም። በጭቃ የተለሰነው ግድግዳ ላይ በከሰል አንድ ፈረስ ተስሏል፤ በጀርባው ተንጋሎ፣ አራት እግሩን ሰቅሎ። ልጆቹ በከምባትኛ እየተንጫጩ በአማርኛ «ጋሼ እፍ በል! ጋሼ እፍ በል!» አሉኝ። እፍ አልኩ። ኮረኮርኩ። በከሰል የተሳለውን በር አንኳኳሁ። የግድግዳው አቧራ ጣቴ ላይ ቀረ።

«ግድግዳ እኮ አይገለበጥም። መጨረሻውን ምን አደረግሽው?» አልኳት።

«ልጆቹ መላ አገኙለት» አለች። «ግድግዳው ካልተገለበጠ እኛ እንገለበጣለን አሉ።»

ወዲያው ሁሉም ለግድግዳው ጀርባቸውን ሰጡ፤ አጎንብሰው በእግራቸው መሃል አዩ። «ተነሳ! ተነሳ!» ይላሉ። አንዲት ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ የሱሪዬን ጫፍ ይዛ ጎተተችኝ። ምን ላድርግ? ያንን ሁሉ ሰው አስተያየት የጠየቅኩ ሰውዬ አጎነበስኩ። የኪሴ እስክርቢቶ ወደቀ፣ የመኪናው ርክክብ ወረቀት ተበተነ። በሁለት እግሬ መሃል አየሁ።

ፈረሱ ቆሟል። አራት እግሩን ቀጥ አድርጎ፣ ጋሪ ሊጎትት።

ቀና ማለት አቃተኝ። ሰው ተገልብጦ ሲያለቅስ እንባው ወደ ግንባሩ እንደሚፈስ ያን ቀን አወቅሁ። ወደ ፀጉሬ ሲገባ ተሰማኝ። ያቺ ልጅ ከጎኔ ራሷን ዘቅዝቃ በትኩረት አየችኝና ለመምህርቷ፣ «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ማጎንበስ ስለማይችል ላበው» አለቻት።

እኔ አላረምኳትም። የሰው አስተያየት ማረም ትቻለሁ።