ከደመና የወረደው ሳጥን ባለቤት

ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የማይከፍተው በር የለም ያለኝን ሰውዬ በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኝ ነበር። ሰውዬው ሩቅ አይደለም፤ አለቃዬ ነው።

ጭሮ ላይ ሥራችን ደመና ማጥናት ነው። አትሳቁ! ያቺ የተባዘተ ጥጥ የመሰለች፣ ከሁሉም በላይ የምትንሳፈፈው ደመና በረዶ ናት። ከታች ሌዘር እንለቅባትና ከተመለሰው ብርሃን ከፍታዋንና ውፍረቷን እንለካለን። ልኬታችን ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ግን ውስጧ የገባ መሣሪያ ሲመሰክር ነው። መሣሪያውን ሳጥን ውስጥ አድርገን በፊኛ ላክነው። ደመናው ውስጥ ሲገባ ልኬቱን የሚልክልን ሬዲዮ ጸጥ! የለካው ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ባለችው ሚሞሪ ላይ ቀረ። ፕሮጀክቱ ደግሞ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። ሳጥኑ ካልተገኘ የዓመት ልፋታችን ገደል ገባ።

ሐጂ አብዱረህማን የሚባሉ ግመል አርቢ ሚኤሶ ገበያ ላይ «ነጭ ሳጥን የጠፋበት» እያሉ እያስለፈፉ መሆኑን አንድ ሹፌር ነገረን። ደብዳቤዬን ይዤ በረርኩ። ሐጂ የግመል ወተት ጋበዙኝ፤ ደብዳቤውን ግን ዞር ብለው አላዩትም። በሃይማኖታቸው ወድቆ የተገኘ ዕቃ አደራ ነው፤ የእኔ ነው የሚል ሰው መያዣውንና ማሰሪያውን በቃሉ መናገር አለበት፤ ያለዚያ ዓመት ሙሉ ይለፈፋል። ሳጥኑ ነጭ ነው አልኩ። ያንንማ እኛው ለፍፈነዋል አሉኝ። ማሰሪያውስ? ስንት ቋጠሮ አለው?

እኔ ምን አውቄ! ፊኛው ሲለቀቅ ከአለቃዬ ጋር ፎቶ እየተነሳሁ ነበር። ዓመት ሙሉ? ደሜ ፈላ። ስለ ሳይንስ ጮህኩ፣ ስለ አገር ጮህኩ። ሐጂ ረጋ ብለው፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ቁጣህን ሰማሁ፣ ምልክቱን ንገረኝ አሉ።

ስልክ መታሁ። አለቃዬ አያውቅም። ባለሙያዎቹም አያውቁም! ለካ ያሰሩት ጥበቃችን ጋሽ ተሾመ ናቸው። ስልኩን ለሐጂ ሰጠኋቸው። ጋሽ ተሾመ ሲባጎው አጥሯቸው የጃኬታቸውን ማሰሪያ ቀጥለውበታል፤ ሰማያዊ፣ ሦስት ቋጠሮ። የሐጂ ፊት በራ። ባለቤቱ ተገኝቷል፣ ነገ መጥቶ ይውሰድ አሉ። መጥቶ! እኔ እዚያው ተገትሬ!

በማግስቱ ጋሽ ተሾመ ሳጥኑን ታቅፈው ጋቢና፣ እኔ ከትርፍ ጎማው ጋር ከኋላ ሆነን ጭሮ ገባን። ሚሞሪዋ ደህና ናት። አለቃዬ ካሜራ አስደግኖ በር ላይ ጠበቀን፤ ፈገግ ብሎ እጁን ለሳጥኑ ዘረጋ።

ጋሽ ተሾመ መታወቂያ ጠየቁት።