ባሻ ሉቦሚርና የሰማዩ ድምፅ

በፖላንዷ የወደብ ከተማ በዳርዎቮ፣ በባሕር ኃይሉ የሄሊኮፕተር ሰፈር አጠገብ የኖረ ሰው ሁሉ እየተቁነጠነጠ ሰማይ የሚያዳምጥ አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አለው። የለኝም የሚል ካለ ጡረተኛው ራሱ ነው።

የእኛው ክቡር ባሻ ሉቦሚር ናቸው። የሥራ ዘመናቸው ያለቀው ሆዷ እንደ ጀልባ በተሠራ፣ ሲያሻት ባልቲክ ላይ እንደ ዳክዬ በምትቀመጥ ሄሊኮፕተር ውስጥ ነው። መጀመሪያ ማዳመጫ በገመድ ወደ ውኃው እያወረዱ ሰርጓጅ መርከብ ፈለጉ፤ በኋላ በገመድ ዓሣ አጥማጅ ከማዕበል ጎተቱ። ሞተሩ በምላሹ አንድ ጆሯቸውን ወሰደ። ባሻ ግን ይህን አያምኑም።

"ዝም በሉ፤ የኛዋ ነች" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። በእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ እንዲህ ሲሉ እንግዳው ሁሉ የሾርባ ማንኪያውን አየር ላይ አቆመ። የወጥ ቤቱ አየር ማስወጫ ነበር። ከቅዳሴ መካከል ተነሥተው ሮጠው ወጥተዋል፤ ያጉረመረመው የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ነበር። የልብስ ማጠቢያ ማሽኔን ቆመው ካዳመጡ በኋላ የሄሊኮፕተሯ የጭራ መዘውር ችግር እንዳለበት ነግረውኛል። ባለቤታቸው ቦዤና ሲታክታቸው፣ "ያንተዋ እኔ ነኝ፤ ተቀመጥ" ይሏቸዋል። አይቀመጡም።

ባለፈው ጥቅምት የወንድሜ የሴቬሪን ጀልባ ማዕበል ውስጥ ገብታ ከሬዲዮው ጠፋች። ሄሊኮፕተሯ እሱንና የጀልባ ጓደኞቹን ልትፈልግ ተነሣች። እኛ ቤተሰቦችም እንደ ልማዳችን ወደቡ አፍ ላይ ካለው የድንጋይ ግንብ ላይ ወጥተን ቆምን። እዚያ ማንም አይቀመጥም፤ ማንም አይጠይቅም። ሕጉ የታወቀ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ከያዘች በግንቡ አናት ላይ ዝቅ ብላ ታልፋለች፤ አስከሬን ከያዘች ግንቡን ትታ በጫካው በኩል በቀጥታ ወደ ባሕር ኃይሉ ሰፈር ትገባለች።

ባሻ አጠገቤ እግራቸውን እያፈራረቁ ቆመዋል። ሊመሽ ሲል ድምፁ መጣ፤ ከጫካው በኩል። ሁላችንም ሰማነው። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ወደ ባሻ ዞርኩ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ትራክተር ነው" አሉኝ።

"ባሻ፣ በዚህ ዝናብ ማን ያርሳል?"

"ቀኑን ሙሉ የተኛ ገበሬ ነዋ። ትራክተር ነው አልኩሽ። ከዚህ እንዳትነቃነቂ።"

ይህን ብለው በዚያ ዕድሜያቸው፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፉ፣ በብስክሌት ወደ ሰፈሩ ሄዱ። እኔ ግንቡ ላይ ወዲያ ወዲህ እል ጀመር። በትራክተሩ አላመንኩም፤ ግን የምይዘው ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ሲመለሱ ብስክሌታቸውን መሬት ላይ ጣል አድርገው እርጥቡ ድንጋይ ላይ ዘጭ አሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኩ።

"ሻይ እየጠጣ ነው" አሉ። "ስኳሩ አነሰ ብሎ ይነጫነጫል። ሁሉም ደህና ናቸው። ነዳጅ ሊያልቅባቸው ሲል ነው በአቋራጭ የገቡት።"

እያለቀስኩ ሳቅኩ። "ትራክተር ነው አላሉኝም ነበር?"

ባሻ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውኃውን አራገፉ።

"ተሳስቼ ነው" አሉ።

ባሻ ሉቦሚር ተሳሳትኩ ሲሉ የሰማሁት ያን ምሽት ብቻ ነው፤ እሱም ውሸት ነበር።