ሙከራ የማያልቅባቸው ሐጂ

ሠራተኛውን ዕድሜ ልክ «ሙከራ ላይ ነው» የሚል አሠሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? የመርሳ ከተማው ባለ ወፍጮ ሐጂ ይመር እንዲያ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ተሻሽሎ የሙከራ ጊዜ ሲረዝም ሠርግ የተጠሩ ያህል ፈነደቁ።

እሳቸው ወፍጮ ቤት ገብቼ ሙከራዬን ልጨርስ ስል ጦርነቱ ደረሰና ከተማው ሸሸ። እኔም የወፍጮው ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ እንዳይዘረፍ ቀሚሴ ውስጥ ወገቤ ላይ ጠምጥሜው ወጣሁ። ውርጌሳ ከተማ እስክደርስ ያየኝ ሁሉ ያላገባሁትን ልጅ «ስንተኛ ወርሽ ነው?» ይለኛል!

ስንመለስ ሰዉ እህሉን ተሸክሞ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተሰልፏል። ሐጂ ግን «ጦርነቱ አቋርጦታል፤ ሙከራሽ እንደ አዲስ ይጀመራል» አሉኝ።

«እሺ ሐጂ፣ ይፍጩዋ!»

«ቺንጋው የታለ?»

«እኔ ቤት ነው። የሚያመጣው ግን ቋሚ ሠራተኛ ብቻ ነው።»

ሰልፈኛው «ኧረ ሐጂ፣ በአላህ ይቅጠሯት!» ብሎ ጮኸ። ሐጂ እየሳቁ የቋሚነት ወረቀቴን ፈረሙልኝ፤ በሩጫ አመጣሁት።

ቺንጋውን ገጥመው ሲጨርሱ ግን ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ይሄ ቺንጋ እንኳ ለጊዜው ሙከራ ላይ ይሁን።»