የሲኞር ኦቶሪኖ አንቴና

በየኮንዶሚኒየሙ ጣሪያውን የግል ርስቱ ያደረገ አንድ ሰው አይጠፋም። የሌላውን ሕንፃ አላውቅም፤ የእኛው ግን ክቡርነታቸው ሲኞር ኦቶሪኖ ናቸው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆኑ፣ የጣሊያኗ ከተማችን የሮቪጎ ሰማይ ሙሉ ባለሥልጣን ናቸው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ካጋነንኩም በጥቂቱ ነው።

አንቴናቸው፣ ያ ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም ቧንቧ፣ የተተከለው ገና መኪና በሚነዱበት ዘመን ነው። የሹፌሮች ሬዲዮ አንቴና ነበር። ወደ ከተማው ሲቃረቡ ከመኪናቸው ሆነው በሬዲዮው ባለቤታቸውን ይጣራሉ፦ "ኒቬስ፣ የፓስታውን ውሃ ጣጂ!" ሲኞራ ኒቬስ ከቤት ይመልሳሉ። መልሳቸው ታዲያ በአንቴናው ጦስ በየቤታችን የበር ስልክ ውስጥ ይንጫጫል፦ "ጥጃለሁ! ቀስ ብለህ ንዳ!"

ይህን የሰማ ሁሉ የራሱን ውሃ ይጥዳል። ያኔ ሕንፃው በሙሉ እራት የሚበላው በእኩል ሰዓት ነበር።

ኒቬስ ካረፉ በኋላ ሲኞር ኦቶሪኖ የአማተሮችን፣ ማለትም ለደስታቸው ከዓለም ዙሪያ ጋር በሬዲዮ የሚያወሩ ሰዎችን፣ የፈቃድ ፈተና ተፈትነው አለፉ። የአማተሮቹ ክበብ ሰዎች ሳቁባቸው፦ "በዚህ የሹፌሮች ዘንግ ከዓለም ጋር ሊያወሩ? አዲስ ይግዙ እንጂ!"

"ይቺ ታውቀኛለች" አሉ።

የአማተሮቹ ሞገድ አጠር ስለሚል፣ ጣሪያ ላይ ወጥተው ቧንቧዋን ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ገፍተው አሳጠሯት። ወርደው ሞከሩ፤ ተመልሰው ወጡ። ሁሌም ከነሙሉ ልብሳቸው፣ ከነክራቫታቸው ነበር የሚወጡት። ዓለምን እንግዳ አድርገው ሊቀበሉ ነዋ!

ከዚያ ወዲህ እሁድ ጠዋት የበር ስልኩን ያነሳ ሁሉ የሚያገኘው እሳቸውን ነው። የአራተኛ ፎቋ ሲኞራ ዴልፊና የልጅ ልጆቼ መጡ ብለው ሲያነሱ "ብራዚል፣ ትሰማኛለህ?" የሚል የሲኞር ኦቶሪኖ ድምፅ ይቀበላቸዋል።

"አልሰማህም! ብራዚልም አትሰማህም! ዝም በል፣ አንተ ሰውዬ!"

ሲኞር ኦቶሪኖ ግን አውርተው አውርተው ሲሰነባበቱ "በል ወዳጄ፣ ቀስ ብለህ ንዳ" ይላሉ። ብራዚላዊው እቤቱ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው።

በነዋሪዎች ስብሰባ ሲኞራ ዴልፊና ብድግ አሉ። "ወይ ያ ብረት ይወርዳል፣ ወይ እኔ እወርዳለሁ!"

"እርስዎ ይቀላሉ፣ ሊፍት አለ" አለ አንዱ ከኋላ።

ሲኞር ኦቶሪኖ አልሳቁም። ቆባቸውን በእጃቸው እያዞሩ "ይቺ ታውቀኛለች" አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ኒቬስ በእሷ ነበር የምትመልስልኝ" ብለው ጨመሩ። ሲኞራ ዴልፊና ቦርሳቸው ውስጥ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመሩ፤ አላገኙትም መሰለኝ።

አስተዳዳሪው መላ አመጣ፦ አንቴናው ይቆያል፤ ድምፁ እንዳይገባ ግን በየቤቱ የበር ስልክ ላይ ማጣሪያ ይገጠማል።

ማክሰኞ ዕለት ቴክኒሻኑ ማጣሪያውን ይዞ ደጄ ቆመ።

"የእኔ ስልክ ምንም ችግር የለበትም" አልኩት።

ማጣሪያውን ወደ ቦርሳው እየመለሰ ራሱን ነቀነቀ።

"ይገርማል" አለ። "ሲኞራ ዴልፊናም እንዲሁ ነው ያሉኝ።"