የኛ ሌባ ጨዋ ነው

ፖሊስ የሌለበት ከተማ ሊኖር ይችላል፤ በየትኛው ሰፈር ምን እንደሚሰረቅ የሚተነትን ሰው የሌለበት ከተማ ግን አልተፈጠረም። የኛው ተንታኝ ፀጉር አስተካካያችን ናቸው። ማዕረጋቸውን የሰጠናቸው እኛ ደንበኞቻቸው ነን፦ ክቡር ኮማንደር።

ክቡር ኮማንደር ወንጀል የሚዘግቡት ምላጩን ጉሮሮ ላይ አሳርፈው ስለሆነ ተከራካሪ የለባቸውም። "ገበያው ጀርባ? እዚያ እኮ መነጽርህን ከዓይንህ ላይ ወስደው መልሰው ላንተው ይሸጡልሃል!" "ድልድዩ ማዶ? እዚያማ ሌባው ራሱ ሳይዘረፍ አያልፍም!"

የኛ ሰፈር በክፉ ከተነሳ ግን ይቆጣሉ። በቀደም ደጃፋቸው ላይ ያሰጧቸው ፎጣዎች ከነገመዳቸው ሲጠፉ እንኳ፣ "የኛ ሌባ ጨዋ ነው። ወንበሩን ትቶልኝ ሄዷል" አሉ።

ችግሩ የመጣው ባለቤቴ መንታ ስታረግዝ ነው። የምንኖረው አልጋው ከገባ በሩ በቅጡ በማይከፈት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሰፋ ያለ ቤት ባገኘሁ ቁጥር ኮማንደር ሰፈሩን ያብጠለጥሉታል፤ እኔም ፈርቼ እተወዋለሁ። በመጨረሻ ባለቤቴ ሆዷን ደግፋ ፀጉር ቤቱ ድረስ መጣች። እኔ ፊቴ በአረፋ ተለውሶ ወንበሩ ላይ ነበርኩ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ደህና የሚሉት ሰፈር የትኛው ነው?"

"ይኸው የኛው ነዋ፣ ልጄ!"

"እዚህ ቤት ጠፋ። ልጆቼን እዚህ ወንበር ላይ ላስተኛቸው?"

ክቡር ኮማንደር ምላጩን አጠቡ፤ ደግመው አጠቡት።

"ቤት ያገኛችሁት የት ነው?"

"ድልድዩ ማዶ።"

"በስመ አብ!" አሉና ጢሜን ላጭተው ጨረሱ።

ዕቃ ያወጣን ቀን ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ፍራሻችንን በአንድ እጅ ደግፈው፣ በሌላው ኪሳቸውን ጨብጠው ድልድዩን ተሻገሩ። አዲሱ በራችን ላይ የተኮለኮሉ ጎረምሶች ዕቃችንን በዓይናቸው ሲመዝኑ ኮማንደር ፍራሹን አውርደው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ልጆች! እነዚህ ሰዎች ከየት እንደመጡ ታውቃላችሁ? ከኛ ሰፈር! እኛ ሰፈር ሌባው ራሱ በጊዜ ገብቶ በሩን ይቆልፋል። እዚያ ኖሮ በደህና የወጣን ሰው እኔ ብሆን አልነካካውም!"

ጎረምሶቹ ተያዩ። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ሊያግዙን ተነሱ።

ኮማንደር ግን ደስ አላላቸውም። ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝና በጆሮዬ፣ "ያልኩትን እዚያ እንዳታወራብኝ" አሉኝ፤ "ሰፈሬን በሰው ፊት አዋረድኩት።"

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ፀጉሬንም እስከ ዛሬ ሌላ እጅ አልነካውም።